የሚቀመጡበት ሐውልት፦ ከኮፐንሃገን እስከ ባርሴሎና

ሰኞ፣ ኮፐንሃገን

ሥራዬ ብረት ነው። እቆርጣለሁ፣ አጎብጣለሁ፣ እበይዳለሁ። ሲያምርልኝ ቅርፃ ቅርፅ ይሉታል፣ ሳያምርልኝ አጥር ይሆናል። በቅርቡ ከሁለት አርክቴክቶች ጋር አንድ የሰፈር አደባባይ እንድንሠራ ተሰጠን። ሰፊ አይደለም። ኮሚቴው የፈለገው ባጭሩ ይህን ነው፦ ጥበብ ይኑረው፣ ግን ዝም ብሎ የሚገተር ነገር አይሁን። ሰው የሚቀመጥበት፣ ልጅ የሚንጠለጠልበት፣ ዝናብ ሲመጣ ውሃው መሄጃ የሚያገኝበት ዕቃ ራሱ ጥበቡ ይሁን። ሲያወሩት ደስ ይላል። ወረቀት ላይ ሲመጣ ግን እርሳስ ያስነክሳል። እናም ሠርተው ያሳዩ ሰዎችን ሥራ በዓይኔ ልይ ብዬ ወጣሁ። (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

የመጀመሪያው ሱፐርኪለን ነው። ኖረብሮ የሚባል ሰፈር ውስጥ ይገኛል፤ ከየአገሩ የመጣ ሰው ተሰባስቦ የሚኖርበት ሰፈር ነው። በ2012 ተከፈተ። የሠሩት ቢግ የተባለው የአርክቴክቶች ቢሮ፣ የበርሊኑ ቶፖቴክ 1 እና ሱፐርፍሌክስ የተባለ የአርቲስቶች ቡድን ናቸው። ቦታው ቀጭንና ረጅም ነው፣ ከግማሽ ኪሎ ሜትር ያልፋል። ሦስት ቦታ ተከፍሏል፦ ቀይ፣ ጥቁር፣ አረንጓዴ።

ሐሳቡ ቀላል ነው፣ ግን ድፍረት ይጠይቃል። ነዋሪውን "ምን ዓይነት ወንበር ይሁንልህ?" ብለው አልጠየቁትም። ከመጣበት አገር ወይም ሄዶ ካየው አገር የትኛው የመንገድና የአደባባይ ዕቃ እዚህ ቢቆም ደስ እንደሚለው ነው የጠየቁት። ከዚያ ዕቃውን ወይ አስመጡት፣ ወይ አስመስለው አሠሩት። ዛሬ ከ50 በላይ አገሮችን የሚያስታውሱ ከ100 በላይ ዕቃዎች ቆመዋል። የሞሮኮ ፏፏቴ አለ። የቡልጋሪያ የቼዝ ጠረጴዛ፣ የኢራቅ ዥዋዥዌ፣ የታይላንድ የቦክስ መድረክ አለ። አንዳንድ ነዋሪዎች ከአርቲስቶቹ ጋር እስከ ቦታው ድረስ ተጉዘው መርጠዋል። ሁለት ወጣት ሴቶች ከፍልስጤም ይዘው የመጡት አፈር ነው። አፈር! ይህን ስሰማ ቆም ብዬ አሰብኩ።

ጥቁሩ ክፍል አስፋልት ነው። አስፋልቱ ላይ ነጭ መስመሮች ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ዕቃ ጋ ሲደርሱ ተጣመው ዞረውት ያልፋሉ። የማይዛመዱ ዕቃዎች አንድ ቤተሰብ የሚመስሉት በእነዚህ መስመሮች ነው። የቀለም ወጪ ብቻ ነው እኮ። መቶ ዓይነት ዕቃ ለማስማማት መቶ ዓይነት ሥራ አላስፈለገም።

እያንዳንዱ ዕቃ ሥር መሬት ላይ ትንሽ ጽሑፍ ተቀምጧል፣ ምን እንደሆነና ከየት እንደመጣ የሚናገር። አጎንብሶ የሚያነብ ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። የጃፓኑ ጥቁር ኦክቶፐስ ሸርተቴ ላይ ልጆች ተሰልፈዋል፤ ከየት እንደመጣ ማንም ግድ የለውም። የቼዝ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሰዎች ይጫወታሉ፣ ሦስት ሰዎች ቆመው ምክር ይሰጣሉ። ምክሩ ከጨዋታው ይበልጣል። ብርሃን የሚሰጡት የማስታወቂያ ሰሌዳዎች ሥር ግን የሚቆም የለም፤ ሰው ፎቶ አንስቶ ይሄዳል። በእኔ ዓይን እዚህ ያለው ልዩነት ይህ ነው። አንዳንዱ ዕቃ እጅና ቂጥ ይነካዋል፣ አንዳንዱ ስልክ ብቻ ያየዋል። ሁለቱም አደባባይ ላይ ሊኖሩ ይችላሉ። የኛ ቦታ ግን ትንሽ ነው፤ ለሁለተኛው ዓይነት ቦታ የለንም።

ማክሰኞ፣ ባቡር ውስጥ

ቀኑን ሙሉ ጉዞ። በሃምቡርግ በኩል ወደ አምስተርዳም። ከመስኮቱ ውጭ ጠፍጣፋ ሜዳ፣ ላም፣ እንደገና ሜዳ።

ለማንበብ የያዝኩት ስለ ዊልያም ዋይት ነበር። አሜሪካዊ ነው። በ1970ዎቹ ኒውዮርክ ውስጥ ካሜራ ጣሪያ ላይ እየሰቀለ የአደባባይ ሰዎችን ይቀርጽ ነበር። አንዱ አደባባይ ጢም ይላል፣ ጎረቤቱ ባዶ ነው፤ ለምን? ፀሐይ ነው፣ ስፋቱ ነው፣ ቅርፁ ነው እያለ ሁሉንም ሞከረ። መልሱ የሚያሳፍር ያህል ቀላል ሆነ፦ ሰው የሚቀመጠው መቀመጫ ባለበት ነው። አንድ ነገር ደግሞ አስተዋለ። ተንቀሳቃሽ ወንበር ያለበት ቦታ ሰው ከመቀመጡ በፊት ወንበሩን ትንሽ ያንቀሳቅሰዋል። አንዳንዴ መልሶ እዚያው ቦታ ላይ ያደርገዋል። ፀሐይ ፈልጎም፣ ከጓደኛው ጋር ሊጠጋም አይደለም። በቃ፣ የራሱ ሊያደርገው ነው።

ይህን ካነበብኩ በኋላ ፉርጎው ውስጥ ሰው ሲቀመጥ ማየት ጀመርኩ። መቀመጫው በብሎን የታሰረ ስለሆነ ቦርሳውን ያንቀሳቅሳል።

ረቡዕ፣ አምስተርዳም

ለዚህ ቀን ነው የመጣሁት ብል አላጋነንኩም።

አልዶ ቫን ኤይክ ከጦርነቱ በኋላ በከተማው የግንባታ መሥሪያ ቤት የተቀጠረ ወጣት አርክቴክት ነበር። አለቃው ያኮባ ሙልደር የምትባል ሴት ነበረች። በ1947 ቤርተልማንፕላይን የሚባል ትንሽ አደባባይ ላይ የመጀመሪያውን የልጆች መጫወቻ ሠራ። ከዚያ የሌሎች ሰፈሮች ነዋሪዎች "ለኛም" እያሉ ደብዳቤ መጻፍ ጀመሩ። እስከ 1978 ድረስ ከ700 በላይ ሆኑ። ፈርሶ ባዶ የቀረ ቦታ፣ በሁለት ቤቶች መካከል ያለ ክፍተት፣ የመንገድ ማዕዘን፣ ምንም አይቀረውም። ገንዘብ አልነበረም፣ ቁሳቁስ አልነበረም። የነበረው ኮንክሪት፣ የብረት ቱቦና አሸዋ ነው።

አብዛኛው አሁን የለም። አንዳንዱ ግን እዚህም እዚያም ቀርቷል። ብረቶቹ ደግሞ ራይክስሙዚየም ግቢ ውስጥ ቆመዋል። አዎ፣ የሬምብራንት ሥዕሎች ያሉበት ሙዚየም። ብዙ ቤተ መዘክር ዕቃ ሲያስገባ "አትንኩ" ይላል። እዚህ ልጆች ብረቱ ላይ ተንጠልጥለዋል፣ ማንም አልተቆጣቸውም።

ጠጋ ብዬ አየሁት። ከቱቦ የተሠራ ጉልላት ነው። ጉብጥ ያሉ ቱቦዎች ወደ ላይ ይወጣሉ፣ አግዳሚዎች ያያይዟቸዋል። ብየዳው ንጹሕ ነው፣ መገጣጠሚያው ላይ ጣት የሚይዝ ነገር የለም። የቱቦው ውፍረት የልጅ እጅ ሙሉ በሙሉ የሚጨብጠው ነው። ይህ በአጋጣሚ አይሆንም። አናቱ አካባቢ ብረቱ ከእጅ ብዛት አብረቅርቋል፣ ታች ደግሞ ደብዝዟል። ማለት ልጆቹ ታች አይቆዩም፣ ወደ አናቱ ነው የሚጣደፉት። አንዲት ልጅ ጫፉ ላይ ተቀምጣ እግሯን እያወዛወዘች ሌሎቹን ታዛለች። እናቷ ሥሩ፣ በጉልላቱ ጥላ ውስጥ፣ ስልክ ታወራለች። ለእናትየው ጥላ ነው፣ ለልጅቷ ዙፋን። እንዲህ ተጠቀሙበት የሚል ነገር ግን የትም አልተጻፈም።

ቫን ኤይክ ዝሆን ወይም ዓሣ የሚመስል መጫወቻ አይሠራም ነበር። ዝሆን ከሠራህ ልጁ ዝሆን ላይ ነው የሚወጣው፣ አበቃ። ጉልላት ከሠራህ ግን ቤት ነው፣ ተራራ ነው፣ መርከብ ነው። የአሸዋ ገንዳዎቹም እንደዚያው ናቸው። የገንዳው ጠርዝ ሰፊ ኮንክሪት ነው። ትልቅ ሰው ይቀመጥበታል፣ ትንሽ ልጅ የአሸዋ ዳቦ ይጋግርበታል፣ ከፍ ያለው ደግሞ ዙሪያውን ይሮጥበታል። አንድ ጠርዝ፣ ሦስት ሥራ። ገንዳውን ደግሞ መሐል ላይ አያስቀምጥም፣ ወደ ጎን ይገፋዋል። መሐሉ ባዶ ሲሆን የማንም አይደለም፣ ሁሉም ይገባበታል። ከተማው ሐውልት ሲያቆም የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው፤ መሐሉን ይይዝና ሰውን ዳር ያስወጣል።

ማታ ማረፊያዬ ገብቼ ወረቀቴ ላይ መሐል የነበረውን ነገር ሁሉ በቀስት ወደ ዳር ገፋሁት። ከኮሚቴው ጋር ለመከራከር ስንቄን ያዝኩ።

ሐሙስ፣ ሮተርዳም

የዚህ ከተማ መሐል በግንቦት 1940 በቦምብ ወደመ። ስለዚህ ሮተርዳም አሮጌ አደባባይ አልወረሰችም፣ እየሠራች ነው የምትማረው። ጥሩም መጥፎም ታያለህ።

ጠዋት ስካውቡርክፕላይን ሄድኩ። በ1996 አድሪያን ኽውዘ እና ዌስት 8 የተባለው ቢሮው የሠሩት ነው። ከሥሩ የመኪና ማቆሚያ ስላለ ከባድ ነገር አይሸከምም። ስለዚህ ወለሉ ብረት፣ እንጨትና ጎማ ነው፣ ከአካባቢው 35 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ እንደ መድረክ ተዘርግቷል። ከጎኑ 35 ሜትር የሚሆኑ ቀይ የመብራት ክንዶች ቆመዋል፣ የወደብ ክሬን ይመስላሉ። በሃይድሮሊክ ይንቀሳቀሳሉ፤ ሲሠሩም መንገደኛ ሳንቲም ከትቶ እንዲያዛቸው ታስበው ነው። እውነቱን ለመናገር፣ እንደ ብረት ሠሪ ቀናሁ። እንደ መንገደኛ ግን ዙሪያዬን ሳይ ሰው ሁሉ ያለው ረጅሙ የእንጨት አግዳሚ ላይ ነው። ክንዶቹን የሚያይ ጥቂት ነው። እንጨት ይሞቃል፣ ብረት ይበርዳል፤ ሰው በመቀመጫው ነው የሚመርጠው።

ከሰዓት ሰማዩ ጠቆረ። ሌላ ቀን ቢሆን እበሳጭ ነበር፣ ዛሬ ግን ሮጥኩ። ቤንተምፕላይን የሚባለው አደባባይ በዝናብ ካልታየ ግማሹ አልታየም።

ደ ኡርባኒስተን የተባለ ቢሮ ሠርቶት በ2013 መጨረሻ ተከፈተ። የተማሪዎች ሰፈር ነው፤ በአጠገቡ ኮሌጅ፣ ቤተ ክርስቲያንና ቢሮዎች አሉ፣ ዲዛይኑ ላይም ተማሪዎቹና ጎረቤቶቹ ተቀምጠው ተወያይተውበታል። ችግሩ የከተማው ነበር፦ ኃይለኛ ዝናብ ሲመጣ የፍሳሽ መስመሩ ይሞላል። የተለመደው መልስ መሬት ቆፍሮ ታንከር መቅበር ነው። ብዙ ገንዘብ ይወጣበታል፣ ማንም አያየውም። እነሱ ያንን ገንዘብ ከመሬት በላይ አወጡት። ሦስት ገንዳ ቆፈሩ። ሁለቱ ጠለል ያሉ፣ ጥልቀታቸው ትንሽ ናቸው፣ ዝናብ በጣለ ቁጥር ውሃ ይይዛሉ። ሦስተኛው ጥልቅ ነው፣ የሚሞላው ዝናቡ ሲበረታ ብቻ ነው። በደረቅ ቀን ጥልቁ የቅርጫት ኳስ ሜዳ ነው፣ ደረጃዎቹ የተመልካች መቀመጫ ናቸው። ከጠለሎቹ አንዱ የስኬትቦርድ ነው። በድምሩ 1.7 ሚሊዮን ሊትር ያህል ይይዛል። የተጠራቀመውም ቢበዛ በ36 ሰዓት ውስጥ እንዲለቅ ነው የታሰበው፣ ለጤና ሲባል።

የቀለሙ ሐሳብ ብቻውን ያስደስታል። ውሃ ሊተኛበት የሚችል ቦታ ሰማያዊ እንዲሆን፣ ውሃ የሚያመላልሰው ደግሞ የሚያብረቀርቅ ስቴንለስ ብረት እንዲሆን ነው የወሰኑት። ካርታው መሬቱ ላይ ነው ማለት ነው። ልጅም ይገባዋል።

ዝናቡ ሲጀምር ስኬትቦርድ ይዘው የነበሩ ልጆች ተሰበሰቡና ጣሪያ ሥር ገቡ። ቦዩ ሰፊ ነው፤ በደረቅ ቀን መንኮራኩር እንዲያልፍበት ተደርጎ ነው የተሠራው። መጀመሪያ ቀጭን ክር የሚያህል ውሃ መጣ። ከዚያ ክሮቹ ተገናኙ። ብረቱ ላይ ሲሮጥ ድምፅ አለው፣ እንደ ስስ ጭብጨባ። ጠለሉ ገንዳ ጠርዙ ላይ ረጠበ፣ ቀጥሎ ጠቆረ፣ ቀጥሎ መስታወት ሆነ። ጥልቁ ገንዳ እንደደረቀ ቀረ። አንዱ ልጅ ጫማውን አውልቆ ሮጦ ገባ። ሌሎቹ አልጠበቁም፣ ተከተሉት።

በሌላ ቦታ ይህ ሁሉ ከክዳን በታች ያልፍ ነበር። ዝናብ የሚረብሽ ነገር ከመሆን ወጥቶ የሚታይ ነገር ሆነ። እስከ ውስጥ ልብሴ በስብሼ ወደ ማረፊያዬ ተመለስኩ፣ ግን ፊቴ ይስቃል።

ዓርብ፣ ቦርዶ

በፓሪስ በኩል ረጅም መንገድ። ምሽት ላይ ደረስኩ፣ ሻንጣዬን ጥዬ ወደ ወንዙ።

ሚሯር ዶ፣ የውሃው መስታወት፣ በ2006 የተሠራ ነው። የመልክዓ ምድር ንድፍ ባለሙያው ሚሼል ኮራዡ፣ የውሃው ሰው ዣን ማክስ ዮርካ ነው። 3,450 ካሬ ሜትር ጥቁር ግራናይት። ከላዩ 2 ሳንቲ ሜትር ውሃ ይተኛል፣ ከዚያ ይጠፋል፣ ከዚያ ጉም ሆኖ ይነሳል፣ እንደገና ይጀምራል። አጥር የለም፣ ጠርዝ የለም። ከፊት ለፊቱ ያለው የ18ኛው ክፍለ ዘመን ሕንፃ ተገልብጦ ይታይበታል።

ጥልቀቱ ነው ሁሉ ነገሩ። 2 ሳንቲ ሜትር ማለት ማንም አይሰጥምም፣ ጫማ ግን ይረጥባል። ስለዚህ ሰው ጫማውን ያወልቃል። ባዶ እግሩን የሆነ ሰው ደግሞ ከማያውቀው ሰው ጋር ለመሳቅ ይቀርባል። ሙሽሮች መጥተው ነበር፣ ጉሙ ሲነሳ ሸፈናቸው፣ ፎቶ አንሺው ጮኸ።

ለሰፈር አደባባይ ግን አይሆንም። ከሥሩ ያለው የፓምፕና የታንከር ሥራ ሌላ ነው፤ ፓምፕ የሚጠብቅ ሰው በየወሩ ይፈልጋል። አንድ ዓመት ደምቆ ሁለተኛው ዓመት ላይ የደረቀ ፏፏቴ ስንት አይተናል?

እሑድ፣ ባርሴሎና

ቅዳሜ መንገድ ላይ አለፈ። ዛሬ ማለዳ ፓርክ ጉኤል።

ታሪኩ ያስቃል። ኤውሴቢ ጉኤል የተባለው ባለሀብት አንቶኒ ጋውዲን ይዞ ከ1900 ጀምሮ የሀብታሞች መኖሪያ ሰፈር ሊሠራ ነበር፣ 60 ቦታ የሚሆን። የተሠሩት ሁለት ቤቶች ብቻ ናቸው። ሰው ሊገዛው አልፈለገም። በ1914 ሥራው ቆመ፣ በኋላ ከተማው ገዝቶ በ1926 የሕዝብ መናፈሻ አደረገው። ቤት ሳይኖር አደባባይ የቀረበት ሰፈር ነው።

የአደባባዩ ዳር ላይ 110 ሜትር የሚሆን አግዳሚ እንደ እባብ ይጠማዘዛል። የተለበጠው በስብርባሪ ሴራሚክ ነው፤ የልባጡን ሥራ የመራው ጁዜፕ ማሪያ ጁጆል ነው። ፎቶውን ሁሉም ያውቀዋል። ፎቶው የማይነግረው ግን ሌላ ነው። ጥምዝምዙ ወደ ውስጥ ሲገባ ሰዎች ፊት ለፊት ይተያያሉ፣ ወደ ውጭ ሲወጣ ደግሞ ይለያያሉ። ቤተሰብ እዚህ፣ ፍቅረኞች እዚያ፣ ብቻውን መሆን የፈለገ ሰው ሌላ ጋ። ማንም ሳይከፋፍላቸው ተከፋፍለዋል። መቀመጫው ላይ ደግሞ ትናንሽ ጉብታዎች አሉ፤ ዝናብ ካቆመ በኋላ ቶሎ እንዲደርቅ ነው። ወለሉ አሸዋ ነው። የዝናቡ ውሃ በአሸዋው ሰርጎ ከሥር ባሉት 86 ዓምዶች ውስጥ ይወርድና ማጠራቀሚያ ይገባል። ቤንተምፕላይንን ከመቶ ዓመት በፊት ሠርቶት ነበር ማለት ነው፣ ሰውዬው።

እና ምን ሆነ? ከጥቅምት 2013 ጀምሮ ይህ ክፍል በትኬት ነው። የአካባቢው ነዋሪ ተመዝግቦ በነፃ ይገባል፣ ግን በር ላይ መታየት አለበት። ዓለም ሁሉ ሊቀመጥበት መጣና የጎረቤቱ መቀመጫ ተወሰደ። ቱሪስቶቹ ደግሞ አይቀመጡም፤ ቆመው ተራ ይጠብቃሉ፣ አንድ ደቂቃ ይቀመጣሉ፣ ፎቶ፣ ቀጣይ።

ስመለስ በፓሴች ደ ግራሲያ ጎዳና በኩል ወረድኩ። እዚያ ፔሬ ፋልኬስ በ1906 የሠራቸው የመብራት ምሰሶዎች አሉ። እግራቸው አግዳሚ ነው፣ በነጭ ስባሪ ሴራሚክ የተለበጠ። ብረቱ ተጥመልምሎ ከላይ ይወጣል። መብራትና መቀመጫ አንድ አካል ሆነዋል። አንድ አዛውንት ቁጭ ብለው ጫማቸውን ያስራሉ። ትኬት የሚጠይቅ የለም። ብረቱን በእጄ ዳሰስኩት፣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖት ቀጥ ብሎ ቆሟል።

ሰኞ፣ ባርሴሎና

ግራሲያ የሚባለው ሰፈር ትናንሽ አደባባዮች የበዙበት ነው። ከሁሉም የፈለግሁት ፕላሳ ዴል ሶልን ነበር። በሥነ ጥበብ አይደለም ስሙ የሚነሳው። በጫጫታ ነው።

ሰው ማታ ማታ እዚያ መሬት ላይ፣ ደረጃ ላይ ይቀመጣል፣ ይጠጣል፣ ያወራል። ዙሪያው ፎቅ ነው፣ ድምፁ ግድግዳ እየመታ ይወጣል። በ2017 አካባቢ ነዋሪዎቹ የድምፅ መለኪያ መሣሪያ በረንዳቸው ላይ ሰቅለው ራሳቸው ለኩ። ቁጥሩን ይዘው ከተማው ፊት ቀረቡ። ከዚያ በኋላ ሰው ይቀመጥበት ከነበረው ደረጃ ከፊሉ በተክል ተሸፈነ፣ የቆሻሻ መኪናው ሰዓት ተቀየረ።

ዊልያም ዋይት "መቀመጫ ስጡ፣ ሰው ይመጣል" ካለ፣ እዚህ የመጣው ሰው አልሄድም አለ። ስዕል ላይ የማይታየው ጎረቤት ይህ ነው፣ ከላይ ተኝቶ ያለው። እኔም እዚያው ድንጋዩ ላይ እስከ እኩለ ሌሊት ቁጭ አልኩ። ሞቅ ያለ ወሬ፣ ጊታር፣ ሳቅ። ደስ ይላል። ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንድ መስኮት በኃይል ተዘጋ።

ማረፊያዬ ስገባ ከአርክቴክቶቹ አንዷ ደወለች። ያየሁትን ሁሉ አወራሁላት፣ በተለይ ዝናቡን። ረጅሙን አግዳሚ ከመኖሪያው መስኮቶች ወደ መንገዱ በኩል ልናዞረው ተስማማን፣ ጀርባው ከፍ ብሎ ድምፁን እንዲመልስ። ጠርዙ ላይ ልጆች እንዲሄዱበት ትንሽ ሰፋ ይበል አለች፣ እሺ አልኳት። ውሃው በአግዳሚው ሥር በሚያልፍ ክፍት ቦይ ይሂድ በሚለውም ተስማማን። ስፋቱ ላይ ግን ተጣላን። እሷ ጠባብ ይሁን ትላለች፣ አሮጊት እግር እንዳይገባበት። እኔ ደግሞ ሰፍቶ ጠለል ይበል፣ የልጅ ብስክሌት ይለፍበት፣ አሮጊቷም ዳገት ሳይመስላት ትሻገረው እላለሁ። በስልክ አያልቅም፣ ላሜራ አጉብጬ ናሙና ልሠራና መሬት ላይ አስቀምጠን እንሄድበታለን።